ባረጀ መኪና ውስጥ የሚገባን የዝናብ ውሃ ማፈላለግ፦ በወሎ ለሚያሽከረክሩ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በወሎ ደጋማ ክፍል ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በበልግ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ በክረምት ደግሞ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልዲያ መንገዶች ላይ 20 እና 30 ዓመት ያገለገሉ ኮሮላዎች፣ ላንድክሩዘሮችና ሚኒባሶች ዛሬም እየሠሩ ስለሆነ፣ ዝናቡ ሲበረታ ከምንጣፍ ሥር ውሃ ማግኘት ብዙ ባለመኪና የሚያውቀው ችግር ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች የሚያተኩሩት በማሸጉ ላይ ሳይሆን በመፈለጉ ላይ ነው፤ ውሃው የገባበት ቦታ በትክክል ከታወቀ ማሸጉ ብዙ ጊዜ ቀላል ሥራ ነውና።

ምንጣፉ ረጥቧል። ውሃው የዝናብ መሆኑን በምን ለይቼ አውቃለሁ?

በመኪና ወለል ላይ የሚገኝ ውሃ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ ከዝናብ፣ ከማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ወይም ከማቀዝቀዣው። የማሞቂያው ራዲያተር የሚያፈስ ከሆነ ፈሳሹ በጣት ሲነካ ያሙለጨልጫል፣ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ አለው፣ የፊት መስታወቱም ከውስጥ በቅባታማ ጉም ይሸፈናል። ሆኖም ብዙ ሰው በራዲያተሩ ውስጥ የሚሞላው ተራ ውሃ ስለሆነ፣ በቀለምና በሽታ ብቻ መፍረድ ያሳስታል። አስተማማኙ መንገድ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ውሃ መጠን ምልክት አድርጎ ለተወሰኑ ቀናት መከታተል ነው፤ እየጎደለ ከሄደና መኪናው በደረቅ ቀንም ከረጠበ ጥፋቱ የዝናብ አይደለም። የማቀዝቀዣው ውሃ ደግሞ ንጹሕና ሽታ የሌለው ሲሆን የሚታየው ማቀዝቀዣው በሠራበት ቀን ብቻ ነው፤ ወደ መሬት የሚያንጠባጥበው ቀጭን ቱቦ በአቧራ ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሁለቱንም ካስወገዱ በኋላ የቀረው ዝናብ ነው።

እርጥበቱ ያለው ከሹፌሩ እግር ሥር ነው። ቀዳዳውም እዚያው አካባቢ ነው ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሰዎች ብዙ ገንዘብና ብዙ ማሸጊያ በከንቱ የሚያጠፉት እርጥበቱ ያለበትን ቦታ የመግቢያው ቦታ አድርገው ስለሚወስዱ ነው። በቆርቆሮ ቤት ሚስማሩ የላላው በአንድ በኩል ሆኖ ጠብታው ግን በማገሩ ላይ ተንሸራትቶ ሌላ ጥግ ላይ እንደሚወርድ ሁሉ፣ በመኪናም ውሃ ከጣራው መጋጠሚያ ገብቶ ጣራውን በሚይዘው ምሰሶ ውስጥ ይወርዳል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ተከትሎ ከክሩስኮቱ (ከሹፌሩ ፊት ቆጣሪዎቹ ካሉበት ሰሌዳ) ሥር ያልፋል፣ ከዚያም የወለሉ ላሜራ ዝቅ ባለበት ይጠራቀማል። ስለዚህ የረጠበው ቦታ የሚነግርዎት ውሃው የት እንደቆመ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የመኪናው አቋቋም ይጨመራል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ ብዙ መኪና የሚያድረው አፍንጫው ወይም ጅራቱ ወደ ታች አዘንብሎ ነው። አፍንጫው ዝቅ ብሎ ያደረ መኪና ከኋላ የገባበትን ውሃ ጠዋት ከፊት እግር ሥር ሊያሳይ ይችላል፤ አዙረው ሲያቆሙት ደግሞ ፊቱ ደርቆ ኋላው ይረጥባል። በዚህ ምክንያት መኪናው በዝናብ ሌሊት በየት አቅጣጫ እንደቆመና ጠዋት የትኛው ቦታ እንደረጠበ በማስታወሻ መያዝ ዋጋ አለው። ፍተሻውም መከናወን ያለበት መኪናው ዘወትር በሚያድርበት አቋቋም ነው፤ ደልዳላ ቦታ ላይ አንድም ጠብታ ያላስገባ መኪና ተዳፋት ላይ ሊያፈስ ይችላልና።

ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ምን ማዘጋጀት ያስፈልጋል?

መኪናው ፈጽሞ መድረቅ አለበት፤ በረጠበ ወለል ላይ አዲስ ጠብታ መለየት አይቻልምና። የላይኛውን ምንጣፍ ብቻ ሳይሆን ከላሜራው ጋር የተያያዘውን ሞኬትና ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ማንሳት፣ የበሩን ደፍ ሽፋን መፍታት፣ ከተቻለም የፊት ወንበሮችን ማውጣት ያስፈልጋል። ወንበሩ ሥር ቢጫ መገናኛ ያለው ገመድ ካዩ የአየር ከረጢት ወይም የቀበቶ ማጥበቂያ መስመር ስለሆነ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ አይንኩት።

ላሜራው ከታየ በኋላ በደንብ ይመልከቱት። ውሃ ደጋግሞ የሄደበት መንገድ የዝገት መስመር ወይም የደረቀ ጭቃ ዱካ ይተዋል። በፒስታ መንገድ የሚሠራ መኪና ደግሞ ተጨማሪ ምስክር አለው፤ በበጋ አቧራ የሚገባበት ቀዳዳ በክረምት ውሃ የሚገባበት ነው። ከበሩ ጎማ ላይ ወይም ከኋላ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ እንደ ምላስ ወደ ውስጥ የተዘረጋ ደቃቅ አቧራ ካዩ ሳይጠርጉ ቦታውን በጠመኔ ያክብቡት፤ ፍተሻውንም ከዚያ ይጀምሩ።

በውሃ የሚደረገው ፍተሻ እንዴት ነው የሚከናወነው?

ሁለት ሰው ይጠይቃል። አንደኛው ከውጭ ውሃውን ይይዛል፤ ሌላኛው በሮቹ ተዘግተው ውስጥ ተቀምጦ በባትሪ መብራት ይከታተላል። በውሃ ጎማው ጫፍ ላይ ምንም መርጫ ሳይገጠም ውሃው በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ እንዲፈስ ይደረጋል። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ያለው ውሃ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ደህና የሆነውን የበርና የመስታወት ጎማ እንኳ ገፍቶ ስለሚያልፍ ያልታመመውን ቦታ ታሟል ያሰኛል።

ዋናው ሕግ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ነው። መጀመሪያ የበሩ የታችኛው ክፍል ብቻ ይረጥባል፤ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይጠበቃል፤ ውስጥ ያለው ሰው ምንም ካላየ ወደ መስታወቱ ግርጌ፣ ከዚያ ወደ መስታወቱ ዙሪያ፣ በመጨረሻም ወደ ጣራው ይኬዳል። ከጣራ የጀመረ ሰው ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ሁሉንም መጋጠሚያ በአንድ ጊዜ ስለሚያረጥበው፣ ጠብታ ቢያይም ከየትኛው እንደመጣ መናገር አይችልም። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ውሃ በምሰሶው ውስጥ ተጠራቅሞ እስኪሞላ ድረስ ስለማይታይ፣ አንድን ቦታ በግማሽ ደቂቃ አርጥቦ «ይህ ደህና ነው» ብሎ ማለፍ ፍተሻውን ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል።

ለበር ጎማዎች ሌላ ቀላል ዘዴ አለ። ጎማው ላይ የሕፃናት ፓውደር ወይም የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነስና በሩ ተዘግቶ ውሃ ይፈስበታል፤ ሲከፈት ዱቄቱ ታጥቦ መስመር የሠራበት ቦታ መግቢያው ነው። ውሃ ሳይነካም ወረቀት በበሩና በጎማው መካከል አስገብቶ በሩን ዘግቶ መሳብ ይቻላል፤ ወረቀቱ ያለ ምንም መያዝ ተንሸራትቶ ከወጣ ጎማው ደክሟል ወይም የበሩ ማጠፊያ ወርዷል። የማራገቢያው ሞተር ጤነኛ በሆነ መኪና ደግሞ ቁልፉን አዙረው ሞተሩን ሳያስነሱ የውጭ አየር የሚያስገባውን ክፍል ከፍተው ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ያድርጉት፤ በሮችንና መስታወቶችን ዘግተው መጋጠሚያዎቹን ከውጭ በሳሙና ውሃ ይቀቡ። አየር የሚያፈስበት ቦታ አረፋ ይሠራል። ይህ ዘዴ የፊት መስታወት ዙሪያን ለመፈተሽ በእኔ ግምት ከሁሉም ይሻላል።

የቧንቧ ውሃ በሌለ ቀን ምን ይደረግ?

በቂ ነገር በጄሪካን ይሠራል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከመኪናው ከፍ ባለ ቦታ ተቀምጦ በቀጭን ቱቦ ውሃው ሲሳብ፣ የሚፈሰው መጠን ለዚህ ፍተሻ እንዲያውም የተመጠነ ነው። ጣራ ላይ በጆግ መድፋት ግን ከላይ የተባለውን ሕግ ያፈርሳል።

ውሃ በብዛት የሚገባባቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው?

በመጀመሪያ የማየው ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ የቆሙበትን ወንፊት መሰል ሽፋን ነው። ከመስታወቱ የወረደው ዝናብ ሁሉ በዚያ ገንዳ ውስጥ ይሰበሰብና በግራና በቀኝ ባሉ ማፍሰሻዎች በፓራፋንጎዎቹ (ጎማዎቹን በሚሸፍኑት ላሜራዎች) ጀርባ ወደ መሬት ይወርዳል። መኪናው በባሕር ዛፍ ወይም በጥድ ሥር የሚቆም ከሆነ ቅጠሉ በወንፊቱ ገብቶ ማፍሰሻውን ይደፍነዋል፤ ገንዳው ሲሞላ ውሃው ማራገቢያው አየር በሚስብበት አፍ ተሻግሮ ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ይወርዳል። እንዲህ ዓይነቱን ችግር ለማስወገድ ማሸጊያ አያስፈልግም፤ ሽፋኑን ፈትቶ ቅጠሉን ማውጣትና ማፍሰሻውን በለስላሳ ሽቦ መክፈት ይበቃል። ብዙ ሰው መስታወቱን አስነቅሎ ካስለጠፈ በኋላ እዚህ መድረሱ ያሳዝናል።

ቀጥሎ የሚመጣው በሩ ነው። የበሩ መስታወት ወደ ታች በሚገባበት ክፍተት ውሃ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ ጉድለት አይደለም፤ መኪናው የተሠራው እንደዚያ ነው። የገባው ውሃ በበሩ ግርጌ ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች እንዲወጣ ታስቧል፤ ወደ ተሳፋሪው እንዳይሻገር ደግሞ ከውስጥ ሽፋኑ ጀርባ ፕላስቲክ ተለጥፎበታል። የመስታወት ማንሻ ወይም የበር ቁልፍ ሲጠገን ይህ ፕላስቲክ ይቀደዳል፣ ወይም ተነቅሎ ይጣላል፣ ወይም ማጣበቂያው ሳይታደስ ይንጠለጠላል። ከዚያ በኋላ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃው ከበሩ ሽፋን ሥር ወደ ደፉ ይወርዳል፤ ባለቤቱ ግን የበሩን ጎማ እየወቀሰ አዲስ ጎማ ይገዛል። መፍትሔው ወፍራም ፕላስቲክ በበሩ ልክ ቆርጦ ቡቲል በሚባለው በማይደርቅ ማጣበቂያ ዙሪያውን ማያያዝ ነው፤ የፕላስቲኩ የታችኛው ጠርዝም ውሃውን ወደ በሩ ሆድ በሚመልስ አኳኋን ወደ ውስጥ መግባት አለበት። የበሩ ግርጌ ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው ከሆነም ይከፈቱ፤ በሩ ሲዘጋ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ተደፍነዋል።

የፊት መስታወትን በተመለከተ፣ በጎማ የተያዙት የቆዩ መኪኖች ጎማው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ፣ በማጣበቂያ የተያዙት ደግሞ አንድ ጊዜ ተቀይረው ከነበረና ላሜራው በሚገባ ሳይጸዳ ከተለጠፉ ያፈስሳሉ። ከጎማው ሥር ዝገት በልቶ ቀዳዳ ከሠራ ጎማ መቀየር ብቻውን አይረዳም፤ መስታወቱ ወጥቶ ባትላሜራው (የመኪና ላሜራ ሠራተኛው) ዝገቱን ቆርጦ መሥራት አለበት።

ዕቃ በፖርቶ መጋላ (በጣራ ላይ የዕቃ መጫኛ) የሚጭኑ ሚኒባሶችና ላንድክሩዘሮች ከጣራቸው ጠርዝ ያለው የውሃ መውረጃ ቦይ ያሳስባቸዋል። በቦዩ ውስጥ ያለው የመጋጠሚያ ማሸጊያ ከእርጅናና ከጭነቱ መንገዳገድ የተነሳ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከፀጉር የቀጠነ ሊሆን ስለሚችል ቀለሙ ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር እንኳ በጥፍር መፈተሽ አለበት። የፖርቶ መጋላው ብሎኖችና የአንቴናው ሥርም እንዲሁ።

ከኋላ፣ ስኮርታ ጎማው በሚቀመጥበት ጉድጓድ ውሃ ካለ የኋላ መብራቶቹን ጎማ፣ የኋላ ኮፈኑን ዙሪያ ጎማና ከባምፐሩ ጀርባ ያለውን የአየር መውጫ ይመልከቱ። ጣራው የሚከፈት መኪና ከሆነ በአራቱ ማዕዘን የሚወርዱት ቀጫጭን ቱቦዎች መደፈናቸው ወይም መነቀላቸው የተለመደ ነው።

መኪናዬ ከቀኝ ወደ ግራ መሪው የተዛወረለት ነው። የተለየ ነገር አለ?

አለ፤ እንዲያውም ለእነዚህ መኪኖች ከሌላው ሁሉ በፊት መፈተሽ ያለበት ይኸው ነው። ለቀኝ መሪ ተሠርተው ከመጡ በኋላ በተለወጡ እንደ ቪትዝ ባሉ መኪኖች፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ላሜራ ላይ የድሮው የመሪ ዘንግ፣ የፍሬን ፔዳልና የገመዶች ማለፊያ ቀዳዳዎች በቀኝ በኩል ቀርተዋል፤ በግራ በኩልም አዲስ ቀዳዳዎች ተከፍተዋል። የድሮዎቹ የተዘጉት በቁራጭ ላሜራ ላይ ላዩን ተበይደው ወይም በስቱኮ ተለስነው ከሆነ፣ ከዓመታት መንቀጥቀጥ በኋላ ዳራቸው ይከፈታል። ለማየት በጨለማ ቦታ ኮፈኑን ከፍተው ኃይለኛ መብራት ከሞተሩ በኩል ያብሩ፤ ሌላው ሰው ከክሩስኮቱ ሥር አንገቱን አስገብቶ የብርሃን ጭላንጭል ይፈልግ። ብርሃን ያለፈበት ሁሉ ውሃና አቧራ ያልፍበታል። ጥገናው ቀዳዳውን ዙሪያውን በይዶ፣ ጸረ ዝገት ቀለም ቀብቶ፣ ከሁለቱም በኩል የላሜራ መጋጠሚያ ማሸጊያ መቀባት ነው።

መኪናው በዝናብ ቆሞ ሲያድር አይረጥብም፤ ሲነዳ ግን ይረጥባል። ለምን?

ብዙ ጊዜ ውሃው የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከታች ስለሆነ ነው። ጎማው ከመንገድ አንሥቶ የሚወረውረው ውሃ በፓራፋንጎው ውስጥ በተበላ ላሜራ ወይም ከወለሉ በወደቀ የጎማ መድፈኛ በኩል ይገባል። በዚህ ጊዜ መኪናው ወደ ላይ ተነሥቶ ከሥሩ መታየት አለበት፤ ከላይ የሚደረግ የውሃ ፍተሻ ጊዜ ማባከን ነው።

ሲሊኮን ብቀባበት አይበቃም?

ይህን ጥያቄ አጥብቄ እመልሳለሁ፤ አይበቃም፣ ይጎዳልም። ሲቀባ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው የተለመደው የመስኮት ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ የተራቆተውን ብረት ያዝገዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሲሊኮን በነካው ቦታ ላይ ሌላ ማጣበቂያ በደንብ አለመያዙ ነው፤ በኋላ መስታወቱን በትክክለኛው ዩሬቴን ማጣበቂያ ለማሰር ሲፈለግ ላሜራው እስኪጸዳ ብዙ ልፋት ይጠይቃል። መግቢያው ሳይታወቅ የሚቀባ ሲሊኮን ሌላም ጥፋት አለው፤ ውሃው የሚወጣበትን ማፍሰሻ ሊዘጋ፣ ወይም መግቢያውን ሳይዘጋ መንገዱን ብቻ ሊያስቀይረው ይችላል፤ ቀጥሎ የሚፈልገው ባለሙያም ግራ ይጋባል። ለላሜራ መጋጠሚያ የላሜራ ማሸጊያ፣ ለመስታወት ዩሬቴን፣ ለበር ፕላስቲክ ቡቲል አለ። ዩሬቴን የሚጠነክረው በአየር እርጥበት ሲሆን ብርድ ግን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ እንደ ደሴ ባለ ብርዳማ ቦታ የተለጠፈ መስታወት ኮምቦልቻ ላይ ከተለጠፈው የበለጠ ጊዜ እንዲቆይ ማድረግ ያስፈልጋል።

ውሃው እንዲወጣ ወለሉን ብበሳውስ?

አይብሱት። ወለሉ ላይ በፋብሪካ የተሠሩ የጎማ መድፈኛዎች ስላሉ ለጊዜው አንዱን ነቅሎ ማፍሰስና መልሶ መድፈን ይቻላል።

ምንጣፉ እዚያው እንዳለ በፀሐይ አይደርቅም?

ላዩ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን አይደርቅም። ከሞኬቱ በታች ያለው ስፖንጅ ብዙ ውሃ ይዞ ለሳምንታት ይቆያል፤ ወለሉ ከሥሩ የሚበላው በዚህ ጊዜ ነው። የእርጥበቱ ጉዳት በዝገትና በሽታ አያበቃም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ሲወርዱ ውጭው በጉም ተሸፍኖ ሳለ መስታወቱ ከውስጥም በእንፋሎት ከደበዘዘ፣ ሹፌሩ ኩርባውንም እግረኛውንም ማየት ይሳነዋል። መስታወቱ ዘወትር ጠዋት ከውስጥ ላቦ የሚገኝ ከሆነ፣ ምንጣፉ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ቢመስልም ሥሩ ረጥቧል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል የጠዋቱን ፀሐይ መጠቀም ይቻላል፤ ስፖንጁ ግን ወጥቶ ተጨምቆ፣ በሁለቱም ጎኑ እየተገላበጠ መስጣት አለበት። ከሸተተና ከተበጣጠሰ ታፔሴሪያ ቤት አዲስ ማስቆረጥ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ክፍሉ ይበላሻል?

ሊበላሽ ይችላል። በብዙ መኪኖች የገመድ መገናኛዎች ከምንጣፍ ሥር፣ የፊውዝ ሳጥኑ ከክሩስኮቱ ሥር፣ የአየር ከረጢት መቆጣጠሪያው ደግሞ ከማርሹ ፊት ለፊት ወለሉ አጠገብ ይገኛሉ። መብራት በራሱ ሲበራ፣ ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ወይም ባትሪ ሌሊቱን ሲያልቅ፣ ኤሌክትሪሺያኑ መገናኛዎቹን ከፍቶ አረንጓዴ ዝገት እንዲፈልግ ይንገሩት። ዝገቱ ተጠርጎ መገናኛው ሳይደርቅ ባትሪው አይመለስ።

ፍተሻውን በየትኛው ወር ማድረግ ይሻላል?

በበልጉና በክረምቱ መካከል ባለው ጊዜ፣ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ። የበልጉ ዝናብ መኪናው እንደሚያፈስ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደረቅ ጊዜ ምንጣፍ ለማንሳትም፣ ቀለምና ማሸጊያ ለማድረቅም ይመቻል። በሐምሌ የተጀመረ ጥገና ማሸጊያው ሳይደርቅ ዝናብ ያገኘዋል።

ከተጠገነ በኋላ ምንጣፉን መቼ ልመልስ?

ቶሎ አይመልሱ። የታሸገው ቦታ ከደረቀ በኋላ በመጀመሪያ ያፈሰሰበትን ፍተሻ በዚያው አቋቋም፣ በዚያው የውሃ መጠን ይድገሙት፤ ከዚያም ላሜራው ባዶውን ሆኖ ሁለት ሦስት ትክክለኛ ዝናብ ይለፍበት። በጥርጣሬ ቦታዎች ላይ የተነጠፈ ሶፍት ወይም ጋዜጣ ትንሿን ጠብታ እንኳ ስለሚያሳይ በየጠዋቱ ይመልከቱት። ያረጀ መኪና ከአንድ በላይ መግቢያ ሊኖረው ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ከተዘጋ በኋላ የቀረ ትንሽ እርጥበት ጥገናው ከሸፈ ማለት ላይሆን ይችላል፤ አዲሱ ጠብታ የወደቀበትን ቦታ በጠመኔ አክብበው ፍተሻውን እንደገና ከታች ይጀምሩ።